ቀይ ክር የታሰረበት ቡሬት

የትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ስድስት ቡሬቶች ነበሩት፤ ስድስተኛው ግን አለ ከሚባል የለም ቢባል ይቀላል። ቡሬት ማለት ክንድ የሚያህል፣ ከላይ እስከ ታች ቁጥር የተጻፈበት ቀጭን የመስታወት ቱቦ ነው። ጫፉ ላይ ትንሽዬ መክፈቻ አለችው፤ እሷን ቀስ አድርጎ ያዞረ ሰው ፈሳሹን ጠብታ በጠብታ ያወርዳል፣ ስንት እንደወረደም ከቁጥሩ ያነባል። አርባ ስምንቱ ተማሪ በአምስቱ ቡሬቶች ይብቃቃል። ስድስተኛው አንገቱ ላይ በቀይ ክር ቁራጭ ካርቶን ታስሮበት ቁም ሣጥኑ ጥግ ከቆመ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ካርቶኑ ላይ «የተበላሸ። ቁጥሩ ድርብ ሆኖ ይታያል። ይወገድ» ይላል። ያስወገደው ግን የለም። በዚያ ትምህርት ቤት አንድ ዕቃ እንዲወገድ ሦስት ፊርማ ያስፈልጋል፤ ሦስቱ ፈራሚዎች ደግሞ በአንድ ቀን ቢሮ ተገኝተው አያውቁም።

ያን ሰኞ ጠዋት አንዱ ቀልበ ቢስ ተማሪ ደህናውን ቡሬት በክርኑ ገፍቶ ከጠረጴዛ ጣለው። የኬሚስትሪው መምህር ስብርባሪውን ራሳቸው ጠርገው አነሱ። ተማሪዎቹ ሲያሟቸው «ጋሽ ጠብታ» ነው የሚሏቸው፤ «ጠብታ በጠብታ፣ ልጆች» ሳይሉ የማይውሉ፣ ጠመኔ እንኳ በልክ የሚጠቀሙ ጠንቃቃ ሰው ናቸው። ቁም ሣጥኑን ከፈቱ፣ ትንሽ አመነቱ፣ ከዚያ ካርቶን ያለበትን አወጡና ለችኩሊት ቡድን ሰጡት። ችኩሊትን ግን ቀና ብለው አላዩዋትም። በጥንቃቄ እንዲያነቡ፣ የመሣሪያውንም ጉድለት በሪፖርታቸው «የስህተት ምንጮች» በሚለው ክፍል እንዲጽፉ ነግረዋቸው ቶሎ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሄዱ።

ለምን እንዳላዩዋት ችኩሊት ታውቃለች። ያንን ካርቶን ያሳሰረው ወንድሟ ነበር።

ችኩሊት የሚለውን ስም ያወጣላትም እሱ ነው፤ ቧንቧ ስትከፍት እስከ መጨረሻው፣ በር ስትዘጋ ግድግዳው እስኪነቃነቅ ነውና። እሱ ቀስ ያለ፣ ያየውን ነገር ሁሉ ካላጣራ እንቅልፍ የማይወስደው ልጅ ነበር። ሰፈሩ «ፕሮፌሰር» ይለዋል። ዐሥራ አንደኛ ክፍል ሳለ የትምህርት ቤቱ ቡሬት መበላሸቱን ደርሶበት ጻፈ፤ መምህሩም ከዐሥር ዐሥር ሰጡት። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ራሱን አመመው፣ አንድ ቀን ከደረጃ ወደቀ፣ ሆስፒታል ገባ፣ በሁለተኛው ወር ሞተ። ጭንቅላቱ ውስጥ ዕጢ ነበር አሉ። ይኸው ዓመት ከአራት ወር ሆነው። እናታቸው ልብስ ሰፊ ናት፤ ቀሚስ ሊያሳጥር የመጣ ደንበኛ ሁሉ የቡሬቱን ታሪክ ሳይሰማ አይወጣም። የተማሩት ያላዩትን የኔ ልጅ አየው ትላለች፣ መርፌዋን በከንፈሯ እንደያዘች።

ስለዚህ ችኩሊት ቡሬቱን ስትቀበል መጀመሪያ ደስ አላት። ወንድሟ የነካውን ዕቃ መንካት ከቀረባት ቆይቷል። ካርቶኑን ገለበጠችው፣ በጣቷ አበሰችው፣ ከዚያ ሥራዋን ጀመረች። ቤዝ የሚባለውን የአሲድ ማርከሻ ቡሬቱ ውስጥ ሞላች፣ አሲዱን በጠርሙስ አድርጋ ከሥሩ አኖረች፣ ሁለት ጠብታ የቀለም መለያ ጨመረችበት። ሥራው እንግዲህ ከላይ እያንጠባጠቡ፣ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ሮዝ መሆን ሲጀምር ቀጥ አድርጎ መዝጋት ነው። አንድ ጠብታ ካለፈ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስምና እንደገና ከመጀመሪያው። ችኩሊት በዚያ ቀን የወንድሟን ያህል ቀስ አለች። ጠርሙሱ ሮዝ ሆነ። ቁጥሩን ልታነብ ጎንበስ አለች።

ሃያ አራት ነጥብ ስድስት።

አንድ ዓይኗን ጨፍና አየች። ሃያ አራት ነጥብ ስድስት። ራሷን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ዘንበል አደረገች፤ ወንበር ላይ ወጥታ አየች፣ ወርዳ አየች። መስመሮቹ ቀጫጭን፣ ጥርት ያሉ፣ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ነበሩ። ለጓደኛዋ እስቲ አንቺ ተመልከቺ፣ ስንት ይታይሻል አለቻት። ጓደኛዋ ሃያ አራት ነጥብ ስድስት ነዋ፣ ሌላ ምን ልይልሽ አለች። ሦስት ጊዜ ደጋገሙት፤ ሃያ አራት ነጥብ ስድስት፣ ሃያ አራት ነጥብ አምስት፣ ሃያ አራት ነጥብ ስድስት። ከክፍሉ ሁሉ እርስ በርሱ የተስማማ ውጤት ያገኘው በተበላሸው ቡሬት የሠራው ቡድን ሆነ። ጓደኞቿ ምነው ሁሉም ዕቃ እንዲህ በተበላሸ እያሉ ሳቁ። ችኩሊት ግን ካርቶኑን እንደገና ገልብጣ አነበበችው።

ትዝ ያላት የሆስፒታሉ ኮሪደር ነበር። ሐኪሙ የጭንቅላቱን ፊልም አሳይቷቸው ሲያበቃ፣ ከስድስት ወር በፊት ብታመጡት ኖሮ ብሎ ነገሩን አቋረጠ። ከዚያ እጁ አይንቀጠቀጥም ነበር ወይ፣ አንድ ነገር ሁለት ሆኖ ይታየኛል አላለም ወይ ብሎ ጠየቀ። እናቷ ምንም ምልክት አልነበረም አለች፤ ደጋግማ ምንም፣ ምንም አለች። ችኩሊት ወለሉን እያየች ቆማ ነበር። አንድ ጠዋት ወንድሟ ሻዩን እጁ ላይ ሲያፈሰው «አያታችን መጡ፣ ወንበር ልቀቁላቸው» ብላ ስቃበት ነበር፤ እሱም አብሮ ስቋል። ይህን ለሐኪሙ አልተናገረችም። «ሁለት ሆኖ» የሚለውን ስትሰማ ደግሞ ቡሬቱ ሽው አለባት፤ ግን ያ የቡሬቱ ጥፋት ነው፣ መምህሩ ራሳቸው ካርቶን አስረው መስክረዋል። በዚህ ተጽናናች። እናቷም በዚህ ተጽናናች። ቤታቸው ዓመት ከአራት ወር የቆመው በዚህ ካርቶን ላይ ነው ቢባል ውሸት አይደለም።

ከሰዓት በኋላ ቤት ስትደርስ እናቷ መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች፤ አንድ ደንበኛ ለሠርግ የሚፈልገውን ሱሪ እግር ታስገባለች። ችኩሊት የመጀመሪያውን የቤተ ሙከራ ሪፖርቷን እስከ ሐሙስ ማስረከብ እንዳለባት ስትነግራት እናቷ ፔዳሉን አቆመች። ከመኪናው ሥር ካለው መሳቢያ፣ ከክር ማጠንጠኛዎቹ ኋላ፣ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለውን ደብተር አወጣች። የወንድሟ ነው። እናቷ ፊደል አልቆጠረችም፤ የምታውቀው በሜትሯ ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ ነው። ግን ልጇ ሪፖርት በጻፈ ቁጥር እየሰፋች ጮክ ብሎ ያነብላት ስለነበር የሪፖርት አጻጻፍን ከብዙ ተማሪ የበለጠ ታውቀዋለች፤ ዓላማ፣ ዕቃዎች፣ አሠራር፣ ውጤት፣ የስህተት ምንጮች፣ ማጠቃለያ፣ እንደ ጸሎት አከታትላ ትለዋለች።

«ከሱ ላይ አጻጻፉን እዪ» አለቻት። «ደግሞ እጅሽን ታጠቢ።»

ችኩሊት እጇን ታጥባ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ደብተሩን ከሞተ በኋላ ከፍታው አታውቅም። ጽሕፈቱን ማየት ያስፈራት ነበር፤ መፍራቷም ልክ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሪፖርቶች የታተሙ ይመስላሉ። አራተኛው ላይ ፊደሎቹ ትንሽ ትንሽ ዘመም ማለት ጀመሩ። «የስህተት ምንጮች» የሚለው ጋ ስትደርስ እንዲህ ተጽፎ አገኘች፦ «መክፈቻውን ስዘጋ ቀኝ እጄ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ከሦስት እስከ አምስት ጠብታ አልፏል። ምክንያቱን አላወቅሁም።» ከጎኑ በቀይ ቀለም፣ ቀጥ ባለ የመምህሩ ጽሕፈት፦ «የግል ሁኔታ የስህተት ምንጭ አይደለም። ስለ መሣሪያው ብቻ ጻፍ። ሁለት ነጥብ ተቀንሷል።»

ወንድሟ ታዛዥ ልጅ ነበር። በአምስተኛው ሪፖርት «የቡሬቱ መቆሚያ ይንቀጠቀጣል» ብሎ ጻፈ። በቀይ «ጥሩ» ተብሎለታል። በስድስተኛው ደግሞ ያ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው መጣ፦ «የቡሬቱ ቁጥሮች ድርብ ሆነው ይታያሉ። ከሁለቱ ዝቅተኛውን ወስጃለሁ። ቡሬቱ ቢቀየር ጥሩ ነው።» በቀይ፦ «እጅግ ጥሩ ትዝብት። ቡሬቱ ይወገዳል። 10/10።»

ችኩሊት ቀኖቹን በጣቷ ቆጠረች። ከአራተኛው ሪፖርት እስከ ሐኪሙ ቤት ሰባት ወር፣ ከስድስተኛው ስድስት ወር ነው። ልጁ የሚያየውን ነገር ጽፎት ነበር። አልደበቀም፣ አላሳነሰም፤ እጄ ነው ብሎ ጻፈ፣ አይደለም ተባለ፣ እንግዲያው ዕቃው ይሆናል ብሎ ጻፈ። እነሱም አጨበጨቡለት። ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ የሚባለውን ተረት እናቷ በጨርቁም በአዝራሩም ስትተርተው ሰምታ አድጋለች፤ ለልጁ ግን የተረተበት አልነበረም። ንዴት ያዛት፣ ከዚያ ንዴቱ የሚያርፍበት አጥቶ ወደ ራሷ ተመለሰ፣ እሷም ስቃበታለችና።

«ስድስተኛውን አንብቢልኝ» አለች እናቷ፣ ዓይኗን ከሱሪው ሳታነሳ።

ችኩሊት አነበበች። ዓላማውን አነበበች፣ ዕቃዎቹን አነበበች። የስህተት ምንጮቹ ጋ ስትደርስ ዘላው ወደ ማጠቃለያው ገባች። የእናቷ ፔዳል ቆመ። «ዘለልሽ» አለቻት። «ስለ ቁጥሩ የሚለው አለ እኮ። ሁለት ሆነው ይታያሉ፣ ዝቅተኛውን ወስጃለሁ የሚለው። አስተማሪው ያመሰገኑት።» በቃሏ ነበር የምታውቀው። ችኩሊት ተመልሳ አነበበችላት፤ እናቷም ፈገግ ብላ፣ እሱ ባይናገር ኖሮ እሷም ዛሬ በዚያ በተበላሸው ስትደናበር ትውል እንደነበር ነገረቻት። ችኩሊት አዎ አለች። ዛሬ የሠራችበት የትኛው እንደሆነ አልነገረቻትም።

በዚያው ቀን ሌላ ነገር ትዝ አላት፤ ነገርን ነገር ያነሳዋል። እናቷ ቅርብ ያለ ነገር አይታያትም፤ መርፌ ላይ ክር የሚያስገባላት ወንድሟ ነበር። አንድ ቀን ሦስቴ አራቴ ሞክሮ አቃተውና «እማ፣ ክርሽ ይተረተራል» አላት። እናቷ በማግስቱ ክሩን ይዛ ክር ሻጩ ዘንድ ሄደች፣ ሱቁ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እስኪሰማ ተጣላችው፣ ሌላ ዓይነት ክር ለውጣ መጣች። ባለ ሱቁ እስከ ዛሬ እሷን ሲያይ ወደ ውስጥ ይገባል፤ እነሱ ቤት የሚያስቅ ወሬ ሆኖ ቀርቷል። ችኩሊት አሁን አላሳቃትም።

ማክሰኞ ጠዋት ደወል ሳይደወል ቤተ ሙከራ ገባች። መምህሩ ጠርሙሶች እየደረደሩ ነበር። ደብተሩን ከነጨርቁ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ቡሬቱ ምንም እንዳልሆነ፣ ሦስቴ እንዳነበበችው፣ እሳቸውም እንዲያዩት ነገረቻቸው። መምህሩ ቡሬቱን ከካርቶኑ ጋር አውጥተው ውሃ ሞሉት፣ መቆሚያው ላይ ሰቅለው ወደ መስኮቱ አዞሩት፣ መነጽራቸውን ጠርገው ጎንበስ አሉ። ጥቂት ጠብታ አወረዱ፣ አነበቡ። እንደገና አወረዱ፣ አነበቡ። ውሃው እስኪያልቅ ድረስ እንዲሁ ሲያደርጉ ቆዩ፤ ምናልባት አንዷ መስመር እንኳ ሁለት ብትሆንላቸው ብለው ይሆናል። አልሆነችላቸውም።

«አልሞከርኩትም ነበር» አሉ በመጨረሻ። «እሱ ተሳስቶ ስለማያውቅ አንድ ቀን እንኳ አንስቼ አላየሁትም። የሱን ዓይን ከኔ ዓይን አብልጬ አምን ነበር።»

ችኩሊት ደብተሩን አራተኛው ሪፖርት ላይ ከፈተችላቸው። ሰውየው የገዛ ቀይ ቀለማቸውን አነበቡ። መጀመሪያ መመሪያው እንዲህ ነው የሚለው፣ ሪፖርት ላይ እኔ አይባልም ለማለት ጀምረው ነበር፤ መሐል ላይ ተዉት። በወረቀቱ ላይ «ምክንያቱን አላወቅሁም» የሚለውን በጣታቸው ተከትለው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ በተማሪ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ችኩሊት አዋቂ ሰው እንዲያ ሆኖ ሲቀመጥ አይታ አታውቅም፤ ብታዝንላቸው ደስ ባላት ነበር፣ ግን ያን ቀን ለማንም የሚተርፍ ሐዘን አልነበራትም።

እናትሽ ታውቃለች ወይ አሏት። አታውቅም አለች። ዛሬውኑ እቤት መጥተው ሊነግሯትና እግሯ ላይ ወድቀው ይቅርታ ሊለምኗት እንደሚፈልጉ ተናገሩ፤ እንባቸው መጥቶ ነበር።

«አይምጡ» አለች ችኩሊት። «ለእርስዎ ይቀልልዎታል። ለእሷስ?»

ችኩሊት ሌሊቱን ያሰበችውን ነገረቻቸው። እናቷ ሪፖርቷን አንብቢልኝ ማለቷ አይቀርም፤ የትኛው ቡሬት እንደነበረም ዛሬ ባይሆን ነገ ትደርስበታለች፣ ጓደኞቿ ቤታቸው ይመጣሉና። ስለዚህ ካርቶኑ ባለበት ይቆይ። እሷም ቡሬቱ የተበላሸ ነው ብላ ትጻፍ። ጓደኞቿ እንደሆኑ ሃያ አራት ነጥብ ስድስት ብለው ባነበቡበት እጃቸው ካርቶኑ ላይ ያለውን ቃል በቃል ገልብጠው «ድርብ ሆኖ ይታያል» ብለው ጽፈዋል፤ ማን ከካርቶን ጋር ይከራከራል።

«ያላየሽውን ልትጽፊ?» አሉ ጋሽ ጠብታ። ሃያ ዓመት ሙሉ በዚህ ክፍል ውስጥ ያስተማሩት፣ ሪፖርት ማለት ያዩትን መጻፍ ነው የሚለውን አንድ ነገር ነው።

«እሱ ያየውን ነው የጻፈው፣ መምህር።»

ደወሉ ተደወለ፤ ኮሪደሩ በጫማ ድምፅ ተሞላ። መምህሩ ተነሥተው የላላውን ቀይ ክር አጥብቀው አሰሩ፣ ካርቶኑን ፊቱ ወደ ውጭ እንዲሆን አስተካከሉና ቡሬቱን ቁም ሣጥኑ ጥግ መልሰው አቆሙት።

ችኩሊት ሪፖርቷን ረቡዕ ከሰዓት ጻፈችው። ዓላማውን፣ ዕቃዎቹን፣ አሠራሩን እንደ ወንድሟ አድርጋ ጻፈች፤ ያ ቀላል ነበር። ውጤቱን ስትጽፍ ግን እውነተኛዎቹን ቁጥሮች ማስቀመጥ አልቻለችም፤ ሦስቱም ይስማማሉ፣ በተበላሸ ዕቃ ደግሞ እንዲያ አይስማሙም። ሃያ አራት ነጥብ ስድስትን ሃያ አምስት ነጥብ ሁለት፣ ሌላውን ሃያ ሦስት ነጥብ ዘጠኝ አደረገችው። ደህና ውጤት አበላሽቶ መጻፍ ምን ያህል ሥራ እንዳለው ያላደረገው ሰው አያውቅም። የስህተት ምንጮች ጋ ስትደርስ ብዕሩን ይዛ ቆየች። ቢሆንላት ሌላ ነገር ትጽፍ ነበር። እኔ ስቄበታለሁ፣ እማ ክር ለውጣለች፣ መምህሩ ሁለት ነጥብ ቀንሰዋል፣ ከሦስታችን አንዳችን እጁን ይዘን ምን ሆነህ ነው ብንለው ኖሮ ብላ ትጽፍ ነበር። የግል ሁኔታ ግን አይጻፍም። «የቡሬቱ ቁጥሮች ድርብ ሆነው ይታያሉ» ብላ ጻፈች፤ ወረቀቱን ገለበጠችና ራሷን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች።

ሪፖርቱ በሳምንቱ ተመለሰ። ከሥሩ በቀይ 10/10 ተጽፎበታል፤ ሌላ ቃል የለበትም። ቀዩ ጽሕፈት እንደ ድሮው ቀጥ ያለ አልነበረም። ችኩሊት ወረቀቱን ቦርሳዋ ሥር ቀብራ ልታስቀር አስባ ነበር፤ ግን እናቷ የሚመለስበትን ቀን ቆጥራ ይዛለች፣ ገና ከበር ሳትገባ እጇን ዘረጋችላት። አንድና ዜሮን ከሜትሯ ታውቃቸዋለችና የሁለቱን ልጆቿን ዐሥር ጎን ለጎን አስቀምጣ አየቻቸው። ከዚያ አንብቢልኝ አለቻት።

ችኩሊት ከላይ እስከ ታች፣ ምንም ሳትዘል አነበበች። እናቷ በዚህኛው ጊዜ ፔዳሉን አልረገጠችም፤ እጇን የሌላ ደንበኛ ሱሪ ላይ አድርጋ ታዳምጥ ነበር። የቡሬቱ ጋ ሲደረስ ዓይኗን ወደ ልጇ አነሳች።

«ያው የሱ ነው? ያው ቡሬት?»

«ያው ነው። ሰኞ አንዱ ተሰብሮ ነበር፤ እሱን ሰጡን።»

«አንቺም አየሽው? ሁለት ይሆናል?»

«ይሆናል» አለች ችኩሊት። «እኔም አየሁት።»

እናቷ ተመስገን የሚመስል ነገር አጉረመረመች፣ ሁለቱን ዐሥሮች አንድ ላይ አድርጋ በነጭ ጨርቁ ጠቀለለቻቸው፣ መሳቢያው ውስጥ መለሰቻቸው። ችኩሊት አለፈልኝ ብላ ተነፈሰች። እናቷ ወደ ሱሪው ተመለሰች፤ እግሩ በእጅ የሚዘመዘም ነበርና መርፌና ጥቁር ክር አንስታ ለልጇ ዘረጋችላት። ቅርብ ያለው አይታየኝም፣ አስገቢልኝ አለቻት። ወንድሟ ከሞተ ወዲህ የችኩሊት ሥራ ነው።

ችኩሊት የክሩን ጫፍ በምራቋ አርጥባ ወደ ቀዳዳው አስጠጋችው። አልገባም። እንደገና ሞከረች። ከሰኞ ጀምሮ ይዛው የነበረው እንባ ያን ጊዜ ነው የመጣው፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፣ እሷ ግን እንዳይታይባት ራሷን ደፍታ ነበር። የመርፌው ቀዳዳ ሁለት ሆኖ ታያት። ክሩ ከአንደኛው ጎን አለፈ፣ ከሌላኛው ጎን አለፈ።

«ክሩ ነው» አለች። «ይተረተራል።»

እናቷ መርፌውን ከጣቷ ቀስ ብላ ወሰደችው። የክሩን ጫፍ በሁለት ጣቷ አሸት አሸት አድርጋ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችው።

«ክሩ ደህና ነው» አለች። «ያኔም ደህና ነበር። ከሐኪሙ ቤት ስንወጣ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ግን ያ የተማረ ሰው ቡሬቱ ተበላሽቷል ብሎ ሲጽፍ…» አልጨረሰችውም። ልጇን አየቻት። «ቡሬቱም ደህና ነው፤ አይደል?»

ችኩሊት ራሷን ቀና አላደረገችም። እናቷ መርፌውን መሰኪያው ላይ ሰካችው፣ ያላለቀውን ሱሪ አጠፈች፣ የስፌት መኪናውን በልብሱ ሸፈነችው። ገና ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ ሱሪው ለነገ ጠዋት የተቀጠረ ነው።